«በሕግ አምላክ!» የሚል ሰው ጠፋ ወይ?

ወገን፣ ሰሞኑን ሸጎሌ ታክሲ ተራ ጋ «ሌባ! ሌባ!» ተባለ። አንድ ልጅ ተያዘ፣ ሰፈሩ ሁሉ ወረደበት። ልጁ ስልኩን ይውሰድ አይውሰድ የጠየቀ የለም። እኔም ቆሜ አየሁ እንጂ አፌን አልከፈትኩም።

«ፖሊስ ነገ ይለቀዋል፣ ታዲያ ምን እናድርግ?» ይባላል። ንዴቱ ይገባኛል። ግን የደቦ ፍርድ የት እንዳደረሰን አይተናል። ነሐሴ 2010 ሻሸመኔ ላይ «ቦምብ ይዟል» በሚል ወሬ ሰው ተገድሎ ተዘቅዝቆ ተሰቀለ። ሁላችንም አወገዝን። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 2011፣ በራሳችን ምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም ላይ «ሕፃናት ሊመርዙ ነው» ተብሎ ለጤና ምርምር የሄዱ ሁለት ሰዎች ተገደሉ። ቦምብም መርዝም አልነበረም። የሌላውን አውግዞ የራስን መሸፈን ወገን መውደድ አይደለም።

ናይጄሪያም ይህን አይታለች። የአባ ከተማ ነጋዴዎች ዘራፊ ሲያስመርራቸው «ባካሲ ቦይስ» የሚባሉ ጎረምሶችን አደራጁ። መጀመሪያ ተጨበጨበላቸው። ኋላ ሰው ያለ ፍርድ አደባባይ ላይ የሚገድሉ፣ የፖለቲከኛ መሣሪያ ሆነው አረፉት።

አያቶቻችን ጣቢያ ሳይኖራቸው ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። «በሕግ አምላክ!» ሲባል የተነሳ ዱላ ይቆም ነበር። ባህላችን ይሄ ነው።

ስለዚህ ነገ ሰፈርህ «ሌባ!» ሲባል ስልክህን አውጥተህ አትቅረፅ። መሀል ግባ። ይያዝ፣ ግን አይመታ፤ ጣቢያ ይሂድ። ጮክ ብለህ «በሕግ አምላክ!» በል።

እኔ ያን ቀን አላልኩም።