የክረምት ዓሣ

 

ዛሬ ከእርሻው ወጣ ብለን ወደ ውኃ እንወርዳለን። የምንነጋገረው በዝናብ ጊዜ ስለሚጠመድ ዓሣ ነው። ቦታው ጣና ሐይቅ ነው። ወደ ጣና የሚገቡት ወንዞችም አሉበት። ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን፣ ድርማን፣ ገልዳን ማለታችን ነው። ከጣና ርቃችሁ የምትኖሩም አንብቡት። ወንዝ ባለበት አገር ሁሉ ዝናብና ዓሣ ጉዳይ አላቸው።

ዓሣ አጥማጆች "ዝናብ ሲመጣ ዓሣ ይበዛል" ይላሉ። እውነት ነው ወይ? መረቡን ለሚያየው ሰው እውነት ነው። በበጋ ሌሊቱን ሙሉ ተዘርግቶ ጥቂት የሚይዝ መረብ፣ በክረምት በወንዙ መግቢያ ቢዘረጋ ሞልቶ ይወጣል። ግን ዓሣው በዛ ማለት አይደለም። ተሰበሰበ ማለት ነው። ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ታያላችሁ አይደል? የአገሩ ሰው በዚያ ቀን አልተወለደም። ከየመንደሩ መጥቶ አንድ ቦታ ቆመ እንጂ። የክረምቱ ዓሣም እንደዚሁ ነው።

ታዲያ ለምን ይሰበሰባል? አንደኛው ነገር ምግብ ነው። ጎርፉ ከማሳውና ከሜዳው ትሉን፣ ነፍሳቱን፣ ፍሬውን እየጠረገ ያመጣል። ውኃውም ስለሚደፈርስ ዓሣው መረቡን አያየውም። ይህን ሁሉ አጥማጅ ያውቀዋል። ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ዓሣው የመጣው ሊራባ ነው።

በጣና ውስጥ ለገበያ የሚቀርቡት ዋናዎቹ ዓሣዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ሦስቱም በክረምት ይራባሉ። አረባባቸው ግን ለየቅል ነው።

ቆሮሶ ወንዝ አይወጣም። በሐይቁ ዳር፣ በደንገሉና በሣሩ መካከል ይራባል። እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ አፏን ከፍታ ታስገባቸዋለች። እሱን የሚጎዳው የወንዝ መግቢያ መረብ ሳይሆን የዳሩ ደንገል ተጨፍጭፎ ማለቁ ነው።

አምባዛ ጎርፍ ወዳጁ ነው። የፎገራ ሜዳ በውኃ ሲሸፈን ተከትሎ ወደ ሜዳው ይወጣና በሣሩ ላይ እንቁላሉን ይጥላል። አየርም መተንፈስ ስለሚችል ጭቃ ውስጥ እንኳ ይቆያል። ጠንካራ ዓሣ ነው።

ነጭ ዓሣ ነው ነገሩ የከበደው። እኛ በአንድ ስም ነጭ ዓሣ እንበለው እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው። የተማሩ ሰዎች መርምረው ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ቆጥረዋል። አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ሐይቅ አይገኙም። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በሐይቁ መራባት አይችሉም። ወደ ወንዝ መውጣት አለባቸው።

ጉዞው እንዲህ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ነጩ ዓሣ ከየሐይቁ ማዕዘን ይመጣና በወንዞቹ መግቢያ ይቆማል። ጊዜውን ይጠብቃል። በነሐሴና በመስከረም ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። የሚፈልገው ከታች ያለውን ድፍርስ ውኃ አይደለም። ከላይ በኩል፣ ጠጠር ባለበት፣ ውኃው ጠርቶ በሚሮጥበት ገባር ወንዝ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። ጭቃ ከለበሰው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። (ከዳገት ማሳ ላይ የሚታጠበው አፈር ገበሬውን ብቻ ሳይሆን ዓሣውንም ይጎዳል ማለት ነው። እርከን የሚሠራ ሰው ለዓሣ እየሠራሁ ነው ብሎ አያስብም፤ ግን እየሠራ ነው።) እንቁላሉ ሲፈለፈል ትንንሾቹ ዓሣዎች በወንዙ ውስጥ ይቆዩና ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

አሁን ወደ መረቡ እንመለስ። አንድ ሰው በወንዙ መግቢያ ከዳር እስከ ዳር መረብ ቢዘረጋ ምን ይይዛል? በሐይቁ ተበትኖ የነበረውን እናት ዓሣ ሁሉ በአንድ በር ላይ ይይዛል። ሆዷ ሲሰነጠቅ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይወጣል። እንቁላሉ ውኃ ዳር ይጣላል፤ ውሻና ወፍ ይበላዋል። ገበሬ የዘር እህሉን ቢበላ ምን እንደሚደርስበት ለእናንተ አንነግራችሁም።

አንዳንድ ሰው "የመረቡ ዓይን ሰፊ ስለሆነ ትንንሹ ያመልጣል፤ እኔ አልጎዳሁም" ይላል። መረቡ ሰፊ ዓይን ቢኖረው ጥሩ ነው። በሐይቁ መሀል ይህ ይሠራል። በወንዝ መግቢያ ግን አይሠራም። ሰፊ ዓይን ትንሹን አሳልፎ ትልቁን ይይዛል። በዚያ በር ላይ ትልቁ ማን ነው? እናቲቱ ናት።

ጉዳቱ በወሬ ብቻ የቀረ አይደለም። በድሮ ጊዜ በጣና የሚጠመደው በታንኳ ነበር። ነገደ ወይጦዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ሩቅ አይሄድም፤ ብዙም አይጭንም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ያለው ጀልባና የናይሎን መረብ መጣ። ገበያውም ሰፋ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ አስተያዩ። በአሥር ዓመት ውስጥ የነጭ ዓሣው ክብደት በ75 በመቶ ያህል ቀንሶ አገኙት። 75 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው? ቀድሞ 100 ኪሎ ይገኝ ከነበረበት ቦታ 25 ኪሎ ብቻ ቀረ ማለት ነው። የጫጩቶቹ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል። አዋጅ መውጣቱ ደግ ነው። ነገር ግን ወረቀት ሌሊት በወንዝ ዳር ቆሞ አይጠብቅም። የሚጠብቀው እዚያው ያለው ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ ቢቆጣን አንፈርድበትም። "ነሐሴ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ወር ነው። ልጆቼ ምን ይብሉ?" ይለናል። ልክ ነው። ለዚህ ጥያቄ "ተው፣ አታጥምድ" ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ግን መልስ አይሆንም። በክረምት ጨርሶ አታጥምዱ አንልም። የምንለው በሩን አትዝጉ ነው። መረቡን ከወንዙ መግቢያ አርቃችሁ በሐይቁ ዘርጉት። የሚያዘው ያንሳል፤ እናውቃለን። በዚያው በር ላይ አንዱ ትቶ ሌላው ቢዘረጋ ግን የተወው ሰው ብቻ ይከስራል። ስለዚህ ነገሩ በአንድ ሰው ደግነት አይሆንም። በአንድ ወንዝ ዳር ያሉ አጥማጆች፣ ባለ ታንኳውም ባለ ሞተሩም፣ አንድ ላይ ተቀምጠው "በነሐሴና በመስከረም ይህ በር ክፍት ነው" ብለው መስማማት አለባቸው። የወረዳውን የዓሣ ሀብት ባለሙያም በስብሰባው ላይ ጥሩት። የመረቡ ዓይን ስንት ይሁን የሚለውንም እሱን ጠይቁት።

አምባዛን በሚመለከት ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። ጎርፉ ሲሸሽ በሜዳው ጉድጓዶች ውስጥ የሚቀር አምባዛ አለ። ወደ ሐይቁ የሚመለስበት መንገድ ከተቆረጠበት ጉድጓዱ ሲደርቅ መሞቱ አይቀርም። ይህን ብትይዙ ማንም አይወቅሳችሁም። ያዙት፤ ብሉት።

ብርብራን ግን ተዉት። ፍሬው ተፈጭቶ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ትልቁም ትንሹም አንድ ላይ ይንሳፈፋል። ሰው ለቅሞ የሚወስደው ትልቁን ነው። የቀረው ጫጩት በከንቱ ይሞታል።

ስለ ነጎድጓድም አንድ ነገር እንበል። ክረምት ላይ በጣና ከቀትር በኋላ ነፋሱና ዝናቡ ድንገት ይነሣል። በሐይቅ መሀል ከሰውየው የሚረዝም ነገር የለም፤ መብረቅ ደግሞ ረጅሙን ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ነጎድጓድ እንደሰማችሁ ወደ ዳር ቅዘፉ። "ይህን አንድ መረብ ልሰብስብና" አትበሉ። መረቡ ነገም አለ። ዳር ስትደርሱም ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። የደንገል ታንኳ ያላችሁ ደግሞ በዚህ ወቅት ፀሐይ ስለሌለ ታንኳው ሳይደርቅ ውኃ እንደጠጣ ይቆያል። ይከብዳል፤ ዝቅ ብሎም ይሄዳል። በበጋ የሚጭነውን ያህል በክረምት አትጫኑበት።

በመጨረሻ፣ ማንበብና መጻፍ ለቻላችሁ አጥማጆች አንድ ሥራ አለን። ስምምነቱ ሲደረግ ክርክር ይነሣል። አንዱ "እናት ዓሣ አልያዝኩም" ይላል፤ ሌላው "ይዘሃል" ይላል። ማስረጃ ይኑራችሁ። ደብተር ግዙ። ዓሣውን ስታጸዱ ቁጠሩና ጻፉ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዓሣውን ዓይነት፣ ስንት እንደያዛችሁ፣ ስንቱ እንቁላል እንደነበረው። ለምሳሌ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦

ነሐሴ 12። የጉማራ መግቢያ። ነጭ ዓሣ 9። እንቁላል ያላቸው 7።

ነሐሴ 13። ከመግቢያው ርቆ፣ ሐይቅ ላይ። ነጭ ዓሣ 4። እንቁላል ያለው 1።