የሞተው ኪቦርዱ አይደለም

ባለፈው ሰሞን አንድ የአራተኛ ዓመት ጓደኛዬ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ኮምፒዩተሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሲያድስ ዐደረ። ጧት ቢከፍተው አርባ ገጽ አማርኛ የላቲን ፊደልና የጭረት ዝብርቅርቅ ሆኖ ጠበቀው። አዲስ ዐረፍተ ነገር ልጻፍ ቢል የ«ለ» ቁልፍ «ለ»ን አላወጣም አለ። ወደ ጠጋኝ ይዞት ቢሮጥ «ኪቦርዱ ሞቷል፤ ይለወጥ» ተባለ። ከፍሎ አስለወጠ። አዲሱም እንደ አሮጌው ሆነ።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ለዚህ ግን መሐንዲስነት አያሻም። ኪስን ከመዳበስ በፊት ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ጥቂት ቃል መጻፍ ነው። እንግሊዝኛው በደኅና ከወጣ ቁልፎቹ ጤነኞች ናቸው። በእስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ኪቦርድ ከፍቶ በማውስ መንካትም ይቻላል፤ ያው ስሕተት ከታየ ጥፋቱ ከቁልፉ አይደለም ማለት ነው። ከእድሳት በኋላ አንዳንድ ጊዜ የሚሆነው ቋንቋው ሳናውቅ መለወጡ ብቻ ነው፤ በዊንዶውስ ላይ የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር መጫን ይመልሰዋል። ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ የነካ ሰው ደግሞ አንድ ጥያቄ ይወጣለታል፤ እንደ ልማዳችን ሳያነብ «እሺ» ካለ፣ በኋላ «ተ» ሲፈልግ «ጠ» ቢመጣበት አይገረም።

የጓደኛዬ በሽታ ግን ከዚህ የጠለቀ ነበር። የጻፈው በአሮጌ የግዕዝ ፕሮግራም ነው። በእነዚያ ፕሮግራሞች የተጻፈ «ለ» ለኮምፒዩተሩ «ለ» አይደለም፤ የሚቀመጠው አንድ የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ሲሆን ፎንቱ የ«ለ»ን ልብስ አልብሶ ያሳየናል። ፎንቱ ሲጠፋ ልብሱ ይወልቃል። ፕሮግራሙም ከአዲሱ ሲስተም ጋር ካልተስማማ ቁልፉ የላቲኑን ይተፋል።

ሠሪዎቹን አልወቅስም። በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ሆኖ ዲቃላው፣ ቍጥሩና ነጥቡ ገና ይቀራል። ስለዚህ ፊደሉን ከአካልና ከቅጥል ገጣጠሙት፣ ወይም በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈሉት። ኢንጂነር አያና ብሩም ፊደላችንን ከጽሕፈት መኪና ጋር ሲያስማሙ የገጠማቸው ይኸው የቦታ ጥበት ነበር። ያ ምክንያት ግን በ1999 እ.ኤ.አ. አለቀ፤ ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ ለግዕዝ የራሱን ስፍራ ሰጠው። ሀ 4608፣ ሁ 4609፣ ለ 4616 ነው፤ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ያው ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ በአዲሶቹ ዊንዶውሶች ኒያላ ለብቻው የሚጨመር ሆኗል፤ ባይኖርም ኤብሪማ የተባለው ይተካውና ጽሑፉ መልኩን ለውጦ ይነበባል።

ታዲያ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ በፍላሽ እየተቀባበልን በአሮጌው የምንጽፈው ለምንድን ነው? ልማድ ነው፤ «ፊደሉ ያምራል» ማለትም አለ። ከዚህ የሚብሰው ግን አንዳንድ የትምህርት ክፍል ጽሑፉ በዚያ ፎንት ካልሆነ አልቀበልም ማለቱ ነው። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን ኮምፒዩተራችንን ማደሳችን አይቀርም፤ የጓደኛዬም ጧት በየዶርሙ ይነጋል። ማኅበራችን ይህን መመሪያ እንዲያሠርዝ እጠይቃለሁ። አሮጌ ጽሑፍ ያለው ሁሉ ፕሮግራሙ ገና ሳለ ወደ ዩኒኮድ ይለውጥ፤ መለወጫው እንደ «ቋ» እና «ኳ» ያሉትን ሊስት ይችላልና ገጽ በገጽ ያንብበው።

የጓደኛዬን ነገር ልጨርስ። በሦስተኛው ቀን ፎንቱን ከአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አገኘንለትና ገጾቹ ተመለሱ፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ግን በሰው ኮምፒዩተር ሌሊቱን ሲጽፍ ነጋ። በአባሪው ከአገሩ ሴቶች አፍ የሰበሰባቸው የሙሾ ግጥሞች አሉ። ዛሬ በቤተ መጻሕፍት በሲዲ ተቀምጠዋል፤ «ሙሾ» ብሎ በኮምፒዩተር የሚፈልግ አያገኛቸውም። በአሮጌው ፎንት ነው የተረከቡት፤ መመሪያው እንደዚያ ይላላ።