ከማስታወቂያው በፊት ሳሙናው ይቅረብ

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም የጤና ሚኒስቴር ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱን ሲያስታውቅ፣ እኛ አረካ ያለነው የሩቅ ወሬ ነው ብለን ልናልፈው አልቻልንም። ከጂንካና ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በሆሳዕና በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚያቀና መኪና ሶዶን አልፎ የሚያቋርጠው የኛን ከተማ ነው። ሾፌሩ እዚህ ምሳ ይበላል፣ ረዳቱ ብር ይመነዝራል፣ ተሳፋሪው ሽንት ቤት ይጠይቃል። ከነሱ በኋላ ያንን ጠረጴዛና ያንን ሽንት ቤት የሚያጸዳው ደግሞ እንደኔ ያለ ሠራተኛ ነው።

ወረርሽኙ ማብቃቱ የታወጀው ጥር 18 ቀን ነው። በምርመራ ከተረጋገጠባቸው 14 ሰዎች 9ኙ ሞተዋል፤ ከተያዙትም መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ማርበርግ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው በሚወጣ ፈሳሽ፣ ያ ፈሳሽ በነካው አንሶላ፣ ልብስና ዕቃ ነው። ስለዚህ እጅና ጽዳት ዋናው መከላከያ ናቸው።

የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የጽዳት አስተባባሪ ሆኜ ነው። ከዓመታት ሥራዬ ተነሥቼ የምለው አንድ ነገር ነው፦ በወረርሽኝ ጊዜ የሠራተኛን እጅ ንጹሕ ማድረግ በቅድሚያ የአሠሪው ኃላፊነት ነው።

«እጃችሁን ታጠቡ» የሚል ወረቀት ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። ውኃ በጠፋ ቀን ግን ጀሪካን የምትሸከመው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ሳሙና ሲያልቅም ከደመወዟ የምትገዛው እሷው ናት። በ2012 ለኮሮና በየባንኩና በየቢሮው በር ላይ የቆሙትን ባለ ቧንቧ በርሜሎች ሁላችንም እናስታውሳለን። ፍርሃቱ ሲበርድ ውኃው ቀረ፣ ሳሙናውም ቀረ።

ማርበርግም ሆነ ኮሮና በስብ ሽፋን የተሸፈኑ ቫይረሶች ናቸው። ሳሙና ያንን ስብ ያፈርሰዋል፤ ውኃ ብቻውን አያፈርሰውም። ከምግብ በፊት በጆግ እየተቀዳልን የምናደርገው ለቅለቅ ቫይረስን አያስቆምም። በሳሙና መታጠብ ግን የጣት መሐል፣ የጥፍር ሥር፣ አውራ ጣት ሁሉ ታሽቶ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ቆጮን በእጃችን ቆርሰን፣ ከአንድ ትሪ ተሰብስበን ለምንበላ ሰዎች ያቺ አንድ ደቂቃ ዋጋዋ ትልቅ ነው።

በረኪናም በአግባቡ ካልተያዘ ገንዘብ ማባከን ነው። ለሠራተኞቼ የማሳያቸው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ወለሉም ጠረጴዛውም በሳሙና ይታጠባል፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበት የለውምና። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከተጻፈበት አንድ ስኒ በረኪና በዘጠኝ ስኒ ውኃ ይበጠበጣል። ከተቀባ በኋላ አሥር ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ይጠረጋል። ለዛሬ የተበጠበጠው ለነገ አይተርፍም። ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በውኃ የተበጠበጠው በረኪናም ለዕቃና ለወለል እንጂ ለእጅ አይደለም።

ከሥራ ወደ ቤት ሲገባ ጫማ ደጅ ይቀራል፣ የሥራ ልብስ በፌስታል ታስሮ ለብቻው ይታጠባል፣ የእጅ ስልክ ይወለወላል፣ እጅ ይታጠባል። ልጅ የሚታቀፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ትኩሳት ያለበትና ከታማሚ ጋር የተገናኘ ሰው ካለ ግን ትውከቱንም ሆነ ደሙን ራሳችን እንጥረግ ማለት አደጋ ነው፤ 8335 ተደውሎ ባለሙያ ይጠራል።

ሠራተኛው ይህን ሁሉ ሊፈጽም የሚችለው አሠሪው የድርሻውን ሲወጣ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። ሳሙና ችሮታ አይደለም። ልብስ መቀየሪያ የሚሆን ጥግ፣ የሥራ ልብስ እዚያው የሚታጠብበት ሳፋ፣ ወፍራም ጓንት፣ ቧንቧ ሲደርቅ የሚተካ የውኃ በርሜል ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ከሁሉም በላይ ትኩሳት ይዞት የቀረ ሠራተኛ ደመወዙ አይቆረጥበት። ቀን የሚቆረጥበት ሰው ሕመሙን ደብቆ ይመጣል፤ በሽታውንም ይዞ ይገባል።

የአረካ፣ የሶዶ፣ የቦዲቲ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና ባለ ሆቴሎች ሆይ፣ ቀጣዩ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ አይነግረንም። ዛሬ ወደ መታጠቢያችሁ ግቡና ቧንቧውን ክፈቱ፣ ሳሙናውን ፈልጉ። ከሌለ፣ ማስታወቂያውን ከመለጠፋችሁ በፊት እሱን አስገዙ።