የዓባይ ልጅና የፋብሪካው ውሃ

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት ከአያቶቻችን የወረስነው ለጨዋታ ማድመቂያ ብቻ አይመስለኝም። አገራችንን «የአፍሪካ የውሃ ማማ» እያልን ስንኮራ፣ በዋና ከተማችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ እናቶቻችንም ጀሪካን ደርድረው ይጠብቃሉ። ታዲያ ፋብሪካ በተከፈተ ቁጥር «ውሃውን ከየት ይቀዳል? ተጠቅሞስ ወዴት ይደፋዋል?» ብሎ መጠየቅ የመሐንዲሶች ብቻ ሥራ ነውን?

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋለ መሣሪያ የሚያቀዘቅዘው ውሃ ሲዘዋወር ከፊሉ ይተናል፤ ጨውና ኖራው ግን ይቀራል። ዘወትር ውሃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ በውስጡ ነጭ ቅርፊት እንደሚያበጅ፣ የፋብሪካውም ቧንቧ እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ ጨው የበዛበትን ውሃ ደፍቶ አዲስ መቅዳት የተለመደ ነው። ሜምብሬን የሚባለው ስስ ማጣሪያ ይህን ብክነት ይቀንሳል፤ ይኸውም በብርቱ ግፊት የተገፋውን ውሃ አሳልፎ ጨውን ያስቀራል፤ ንጹሑም ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል።

ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የከተማዋን ፍሳሽ በሜምብሬን አጣርታ ለፋብሪካዎችና ለሕንፃ ማቀዝቀዣ ታድላለች። ይህን ያደረገችው ዝናብ አጥታ አይደለም፤ ውሃዋን ከፊል ከጎረቤቷ ከማሌዥያ መቅዳቷ ስላሳሰባት ነው እንጂ። በእኛም አገር በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ሆኖ ተሠርቷል። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራልና።

«ማጣሪያው ውድ ነው፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ቶሎ ይደፈናል፣ የሚተርፈውም ጨዋማ ዝቃጭ ማስወገጃ ይፈልጋል» የሚለኝ የምሕንድስና ተማሪ አይጠፋም። እውነቱን ነው። ነገር ግን ማጣሪያው ውድ የሚመስለው ውሃው ርካሽ ሲሆን ነው። ወንዙ ሲጎድል ወይም ሲበከል ኪሳራውን የሚሸከመው ከግርጌ ያለው ገበሬ ነው፤ የእርሱ ኪሳራ ግን በፋብሪካው መዝገብ አይገባም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ብዙ ውሃ የሚቀዳ ፋብሪካ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ስንት እንደሚቀዳና ስንቱን መልሶ እንደሚጠቀም በጽሑፍ ያስታውቅ፤ ጽሑፉም የወንዙ ጎረቤቶች በሚያነቡት ቋንቋ ይውጣ። አብዝቶ የሚቀዳም አብዝቶ ይክፈል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ማጣሪያውን መሐንዲሱ ይሥራ፤ ሕግ የሚያጠናው ደንቡን ይንደፍ፤ ሒሳብ የሚያውቀው ዋጋውን ያስላ፤ እኛም የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነገሩን ለገበሬው በሚገባው ቃል እንጻፍ። አለዚያ ያ ተረት በእኛም ዘመን እውነት ሆኖ ይቀራል።