አዲስ አበባ - ዋሽንግተን፦ ስንሄድ 17፣ ስንመለስ 13 ሰዓት! ለምን?

መንገዱ ያው አንድ ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበር 13 ሰዓት እንኳን አይሞላም። ታዲያ ስንሄድ ቲኬቱ ላይ 16 እና 17 ሰዓት የሚጻፈው ለምንድን ነው? እኛም ምክንያቱን ስናይ መልሱ ያለው እግራችን ስር ነው።

ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ባህር ዳርቻ ካለው 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም በደንብ አያነሳም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ፣ ሙሉ ሰውና ሙሉ ጭነት ይዞ ከቦሌ መነሳት ይከብደዋል። መፍትሄው? ነዳጅ ቀነስ አድርጎ ተነስቶ እንደ ደብሊን ወይም ሎሜ ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች መሙላት። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳን አይሞላም፤ ለዚህ ነው ስንመለስ በቀጥታ የምንመጣው። በዚያ ላይ አትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ስንሄድ ይገፋናል፣ ስንመለስ ያግዘናል።

ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ እናታችሁ ለብቻቸው ልጅ ሊጠይቁ የሚሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ነዳጅ ለመሙላት ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ መንገደኛ አይወርድም። «ደረስን» ብለው ሻንጣ እንዳያወርዱ!

ሁለተኛ፣ የሰዓት ልዩነቱን አትርሱ። በእነሱ በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ከዋሽንግተን የተነሳ ሰው 13 ሰዓት በርሮ ቦሌ የሚደርሰው እሁድ ጠዋት ነው። ለቀብር የሚጣደፍ ወንድም ካላችሁ ይህቺ ስሌት ቀላል አይደለችም። ቀብሩ ይቆየው ወይስ አይቆየው የሚለውን ቤተሰብ የሚወስነው በዚህች ሂሳብ ነው።

ቢሾፍቱ አካባቢ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርትስ ይፈታዋል? ቦታው ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አውሮፕላኖች የበለጠ ክብደት ይዘው መነሳት ይችላሉ፤ ይሄ ቀላል ለውጥ አይደለም። ግን እውነቱን እንነጋገር፦ 1,900 ሜትርም ቢሆን ከፍታ ነው፣ ነፋሱም ኤርፖርት ስለተቀየረ አቅጣጫውን አይቀይርም። በእኛ እይታ ማቆሚያው ሊቀር ይችል ይሆናል፤ መሄጃው ግን ከመመለሻው መርዘሙ አይቀርም።

እናንተስ፣ ማቆሚያው ቀርቶ ቲኬቱ ቢወደድ ትከፍላላችሁ? ወይስ ደብሊን ላይ ትንሽ መቀመጥ ይሻላል? ኮመንት ላይ እንገናኝ።