የሰማይን ቀለም ማን ቀባው?

በዘመናችን የሰማይ ሥዕል የማይገኝበት ስፍራ የለም። በትምህርት ቤት ግድግዳ፥ በመሥሪያ ቤት የቀን መቁጠሪያ፥ በመጽሐፍ ሽፋን፥ በእጅ ስልክም ሳይቀር፥ ቀይ፥ ሰማያዊና ወርቃማ ሆነው የሚያበሩ የጠፈር ደመናዎችን እናያለን። ይሁን እንጂ ስለነዚህ ሥዕሎች በመካከላችን የሚነገረው ነገር ከሁለት ስሕተት አላመለጠም። አንደኛው ወገን «ይህ ሁሉ ፈረንጅ በኮምፒዩተር የቀባው ውሸት ነው» ብሎ ይንቃል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ቀርበን ብናየው ሰማዩ ልክ እንዲህ ነው» ብሎ ያለ ጥያቄ ይቀበላል። እኛ በሁለቱም ላይ የምንለው አለን። ለሥዕል ቀለም መስጠት ሐሰት አይደለም፤ ሐሰት የሚሆነው ቀለሙ በምን ሕግ እንደ ተሰጠ ሲሰወር ነው። ይህንንም ከዚህ በታች በማስረጃ እናቀርባለን፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር እናስረዳ። በታላላቅ ቴሌስኮፖች ላይ የሚገጠመው ካሜራ ቀለም የሚባል ነገር አያውቅም። ብርሃን የሚቀበለው ገጹ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ጎጆዎች የተከፋፈለ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ጎጆ የሚሠራው ሥራ የደረሰውን ብርሃን መጠን መቁጠር ብቻ ነው። ቁጥሩ ብዙ ሲሆን ነጭ፥ ጥቂት ሲሆን ጥቁር፥ በመካከል ሲሆን ግራጫ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ቀለም የሚፈልግ ሰው በካሜራው ፊት የማጣሪያ መስተዋት ያስቀምጣል። ቀዩ ማጣሪያ ቀዩን ብርሃን፥ አረንጓዴው አረንጓዴውን፥ ሰማያዊውም ሰማያዊውን ብቻ ያሳልፋል። በዚህ ዓይነት ሦስት ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች ይገኛሉ፤ ሦስቱም በየቀለማቸው ተደርገው አንዱ በሌላው ላይ ሲደረቡ ባለ ቀለም ሥዕል ይወለዳል።

ከመደረቡ በፊት ግን ብዙ ድካም አለ። ካሜራው ከራሱ ሙቀት የተነሣ ምንም ብርሃን ሳይደርሰው ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ ክዳኑ ተዘግቶ፥ በዚያው ሙቀትና ለዚያው ያህል ጊዜ ሌላ ሥዕል ይነሣና ከዋናው ላይ ይቀነሳል። በደብረ ታቦር ገበያ ገብስ የሚመዝን ነጋዴ የጆንያውን ክብደት ከገብሱ ጋር ቢቆጥር ማን ዝም ይለዋል? የከዋክብትን ሥዕል የሚያሰናዳ ሰውም የጆንያውን ክብደት አስቀድሞ ይቀንሳል ማለት ነው። ቀጥሎም የትቢያው ነጠብጣብና በጠርዝ በኩል ያለው መደብዘዝ እንዲጠፋ፥ ወጥ ብርሃን ካለው ገጽ ላይ የተነሣ ሥዕል ለማካፈያ ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ደጋግመው የተነሡት ሥዕሎች ኮከብ ከኮከብ እስኪገጥም ድረስ ተስተካክለው አማካያቸው ይወሰዳል። 16 ሥዕሎች ቢደረቡ ጥራቱ የአንዱን 4 እጥፍ፥ 100 ቢደረቡ 10 እጥፍ ይሆናል። ይህ የታወቀ የሒሳብ ሕግ ነው፤ የቀቢ ፈቃድ አይገባበትም። በመጨረሻም ደካማው ብርሃን ለዐይን እንዲገለጥ ይጎላል፤ ብሩሁም ከልክ እንዳያልፍ ይገታል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ወገን እንመለስ። «ከሦስት ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች የተሠራ ቀለም እውነተኛ ቀለም አይደለም» ይላሉ። ለመሆኑ በኪሳቸው የያዙት ስልክ ልጆቻቸውን በምን አኳኋን ፎቶግራፍ የሚያነሣላቸው ይመስላቸዋል? የስልኩም ካሜራ ቀለም አያውቅም፤ በጥቃቅን ጎጆዎቹ ላይ ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች ተለጥፈውበት ቁጥር ብቻ ይቆጥራል፤ ቀለሙን የሚያሰናዳው በውስጡ ያለው ኮምፒዩተር ነው። ዘዴውም አዲስ አይደለም። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የተባለው ሊቅ በ1861 ዓመት በለንደን ከተማ፥ በሦስት ማጣሪያዎች የተነሡ የአንድ ጥብጣብ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎችን በብርሃን ደርቦ ባለ ቀለም ሥዕል አሳይቷል። እንግዲህ የሰማዩን ሥዕል «ውሸት» የሚል ሰው የልጁንም ፎቶግራፍ ውሸት ማለት ይገባዋል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዐይኑን ከልክ በላይ ያምናል። የሰው ዐይን ቀለምን የሚለየው በቂ ብርሃን ሲያገኝ ነው። በጨለማ ጊዜ ቀለም ለዪዎቹ የዐይን ክፍሎች ሥራቸውን ያቆሙና ግራጫ ብቻ የሚያዩት ይቀራሉ። በጨረቃ ብርሃን የጉና ሣር አረንጓዴነቱ የማይታየን ስለዚህ ነው። ስለዚህ ወደ ጠፈር ደመና እጅግ ቀርበን ብንመለከት እንኳ በሥዕሉ ላይ ያየነውን ድምቀት አናገኝም፤ የምናየው አመድማ ጭጋግ ነው። «ልክ እንደምናየው ነው» የሚለው እምነት በዚህ ይፈርሳል።

ከሁሉ ይልቅ ክርክር የሚያስነሣው የቀለም ሹመት ነው። ሐብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ኤፕሪል 1 ቀን 1995 በንስር ኔቡላ ውስጥ ያሉትን ታላላቅ የጋዝ አዕማድ ፎቶግራፍ አነሣ። ስፍራው ከእኛ ወደ 6,500 የብርሃን ዓመት ያህል እንደሚርቅ ይገመታል። ያን ጊዜ የተመረጡት ማጣሪያዎች የተራውን ቀለም አልነበሩም፤ አንዱ የድኝን፥ ሁለተኛው የሃይድሮጂንን፥ ሦስተኛው የኦክሲጂንን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ ነበሩ። የሃይድሮጂን ብርሃን 656 ናኖሜትር፥ የድኝ ወደ 672 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱም ለዐይን ቀይ ናቸው። በተፈጥሮ ቀለማቸው ቢቀመጡ አንዱ ከሌላው አይለይም ነበር። ስለዚህ ሊቃውንቱ ለድኝ ቀይን፥ ለሃይድሮጂን አረንጓዴን፥ ለኦክሲጂን ሰማያዊን ሾሙ። ቅደም ተከተሉም ተጠብቋል፤ ረጅሙ ሞገድ ቀይ፥ አጭሩ ሰማያዊ ሆኗል። በ2021 ዓመት መጨረሻ የተላከው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ደግሞ የሚያየው ዐይናችን ከቶ የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ ሥዕሎቹም በዚሁ ቅደም ተከተል ቀለም ይሰጣቸዋል። ይህ ሹመት ዕውቀት ይሰጣል፤ የትኛው ጋዝ የት እንደ ተከማቸ የሚያስተምረን እርሱ ነውና።

ይህን የመሰለ ሥርዓት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የተሣሉትን ሥዕሎች እንመልከት። ጻድቃን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ኃጥአንና አጋንንት ግን በአንድ ዐይን፥ በጎን ይሣላሉ። ሠዓሊው ይሁዳ አንድ ዐይን ብቻ ነበረው ማለቱ ነውን? አይደለም። ሥርዓቱን መምህሩም፥ ተማሪውም፥ ተሳላሚውም ያውቀዋልና የሚታለል የለም። የብራና ጸሓፊም የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ሲጽፍ ስሙ ቀይ ነው ማለቱ አይደለም፤ አንባቢው ክብሩን እንዲለይ ነው። የታወቀ ሥርዓት ቋንቋ ነው፤ የተሰወረ ሥርዓት ግን ማታለያ ይሆናል።

ስለዚህ የእኛ ክስ የሚያነጣጥረው ሥርዓቱን በሚሰውሩት ላይ ነው። ሥዕሉን ከነመግለጫው አግኝተው መግለጫውን ቆርጠው የሚጥሉ፥ ለግድግዳው እንዲያምር ሰማያዊውን ወደ ሐምራዊ የሚለውጡ፥ አልፎ ተርፎም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልነበረ ኮከብ ፈጥረው «ቴሌስኮፕ ያነሣው ነው» የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። ኤፕሪል 10 ቀን 2019 የታተመውን፥ ኤም 87 በተባለው ጋላክሲ እምብርት የሚገኘውን የጥቁር ጉድጓድ ሥዕል ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የተለካው ዐይን የማያየው የሬዲዮ ሞገድ ብርታት ብቻ ነበር፤ እሳት መሳዩ ብርቱካናማ ቀለም ብርታቱን ለማሳየት የተመረጠ ነው። ይህን ሳይነግር ሥዕሉን ለተማሪ የሚያሳይ መምህር፥ ተማሪው «እሳት አየሁ» ብሎ ሲወጣ ጥፋቱ የማን ነው?

«ይህ ሁሉ ለከዋክብት ካልሆነ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ባለ ሥልጣን ቢኖር መልሱ ከእግሩ በታች አለ። ከሳተላይት የሚነሣው የምድራችን ሥዕልም የሚሰናዳው በዚሁ ዘዴ ነው። ኢትዮጵያ ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና ምድር ያስመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተሠራችው ለእርሻና ለአካባቢ ጥናት እንድታገለግል ነበር። በእንዲህ ያለው ሥራ በብዙ የሚሠራበት አንድ የቀለም ሥርዓት አለ፤ ዐይን የማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን በቀይ ይተካል። ጤናማ ቅጠል ይህን ብርሃን አብዝቶ ስለሚመልስ፥ በፋርጣ ወረዳ ያማረ የገብስ ቡቃያ በካርታው ላይ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። ሥርዓቱን ያልተማረ ሹም ይህን ካርታ ቢቀበል የለማውን ማሳ የተቃጠለ፥ የደረቀውን ደግሞ ደኅና ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በዚህም ምክንያት ዘርና እህል የሚላክበት ስፍራ ቢሳሳት የሚራበው ገበሬው ነው። የቀለምን ሕግ ማወቅ የቅንጦት ትምህርት አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል።

«ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል» የሚለውም ምክንያት ዛሬ አይሠራም። ሐብልና ጄምስ ዌብ የሰበሰቡት ጥቁርና ነጭ መረጃ ለተመራማሪዎቹ ከተሰጠው የጥበቃ ጊዜ በኋላ ለዓለም ሕዝብ ሁሉ በነጻ ይከፈታል። ሲሪልን የመሰሉ የማሰናጃ ፕሮግራሞችም ያለ ዋጋ ይገኛሉ። የሚያስፈልገው አንድ ደኅና ኮምፒዩተር፥ ትዕግሥትና የሚያስተምር ሰው ነው። በእንጦጦ ተራራ፥ ከባሕር ወለል በላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ ገደማ፥ በ2015 የተመረቀው የምርምር ማዕከል የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። በ2019 ዓመትም አገራችን በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ዘንድ ለአንድ ኮከብ «ቡና»፥ በዙሪያው ለሚዞረውም ዓለም «አቦል» የሚል ስም አውጥታለች። ስም ማውጣቱ ያስደስታል፤ ነገር ግን አቦልን የቀመሰ ሰው ቶናና በረካ ሳይደርሰው ከቤት አይወጣም። ከስም ወደ ሥራ መሻገር አለብን።

ለደብረ ታቦር ተማሪ ደግሞ ተፈጥሮ ራሷ አድልታለታለች። የጉና ራስ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ፥ ከከተማ መብራት ርቆም ሌሊቱ ጥቁር ነው። በክረምት ደመናው ቢያስቸግርም ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው በጋ ታላቁ የኦሪዮን ኔቡላ በሰማዩ ከፍታ ላይ ያልፋል። ደቡባዊውም የመስቀል ኮከብ ከዚህ ይታያል፤ ብዙ የአውሮፓ መምህራን ይህን ከአገራቸው ሆነው አያዩትም።

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ደግሞ የምታስተምረን ነገር አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ያሠሩት በዚያ ነው። የተሠራውን ገዝተው ማቆም ሳይበቃቸው ጥበቡ በአገራቸው እንዲሠራ ፈለጉ፤ አሳባቸውም ታላቅ ነበር። ሆኖም በ1867 ንጉሠ ነገሥቱ መድፉን አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ የውጭ አገር ባለ እጆቹም አብረው ሄዱ፤ የጋፋትም ሥራ በዚያው ቆመ። ጥበቡ በአገር ልጅ እጅ ሥር ሳይሰድ ቀርቷልና። የሌላውን ሰው ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማድነቅም ከዚህ የተሻለ ፍሬ አይሰጥም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። 1ኛ፤ በማናቸውም ትምህርት ቤት፥ መሥሪያ ቤትና ጋዜጣ የሚወጣ የሰማይ ወይም የሳተላይት ሥዕል፥ የትኛው ብርሃን በየትኛው ቀለም እንደ ተተካ የሚገልጽ አንድ መሥመር ከሥሩ ይጻፍበት። 2ኛ፤ የፊዚክስ መምህራን ሦስት ጥቁርና ነጭ ሥዕሎችን ለተማሪዎቻቸው ሰጥተው እነርሱው ራሳቸው እንዲያሰናዱና እንዲደርቡ፥ የሠሩትንም በደብተር እንዲመዘግቡ ያድርጉ። 3ኛ፤ የሳተላይት ካርታ ለሹም ሲላክ የቀለሙን ፍቺ የሚያስረዳ ሰው ወይም ጽሑፍ አብሮ ይላክ።

ይህን ለመፈጸም የውጭ ብድር አያስፈልግም። አንዱን መሥመር የሚጽፍ እጅ ብቻ ይበቃል። የሰማይን ቀለም ማን ቀባው ተብለን ስንጠየቅ «እኛው ነን፤ ሕጉም ይኸው» ብለን ለመመለስ እንድንችል፥ መምህሩ ክፍሉን፥ ሹሙም መዝገቡን ከዛሬ ጀምሮ ያሰናዳ።