የጠረፍ መንጋና ክትባት

በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በር የገባው የከብት ደስታ በሽታ የኢትዮጵያን በሬ ፈጅቶ፥ ክፉ ቀን የተባለውን ረኀብ እንዳስከተለ የታወቀ ነው። ይኸው በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ። ለዚህም ትልቁን ድርሻ ያበረከተው ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሙጉጋ ያዘጋጁት ክትባት ነበር፤ ከሕመሙ የዳነም ሆነ የተከተበ ከብት ዕድሜውን ሙሉ ዳግመኛ አይያዝም ነበርና።

ዛሬ በኬንያ ሞያሌ የኦቦን አርቢና የጠረፉን ነጋዴ የሚያሰጋው የዚሁ ዘመድ የሆነው የበግና የፍየል ደስታ ነው። የዚህም ክትባት አንድ ጊዜ ቢሰጥ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ የተከተበችው ፍየል ብትድን መንጋው ድኗል ማለት አይደለም። ግልገሎች በየጊዜው ይወለዳሉ፤ ከእናታቸው ያገኙት መከላከያም በጥቂት ወራት ያልቃል። ስለዚህ ክትባቱ አንድ ዓመት ተሰጥቶ ቢተው፥ ወይም ከጠረፉ በአንድ ወገን ብቻ ቢሰጥ፥ በሽታው በውኃ ጕድጓድና በገበያ በኩል ተመልሶ ይገባል።

እንግዲህ የሁለቱ አገር ሹማምንት የክትባቱን ወራት በአንድነት ሊወስኑ፥ ነጋዴውም ያልተከተበ ፍየል ጠረፍ ከማሻገር ሊታቀብ ይገባል። በአንድ ወገን ቸልታ የሚጠፋው የሁለቱም ወገን ሀብት ነው።